የሰፈር መናፈሻና የበሩ ደንብ
በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በቦሌና ከእርሱ ጋር በተያያዘው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለት ከመገናኛ እስከ ገርጂ፣ ከየካ እስከ ሲኤምሲና ሰሚት ባለው ሰፈር፣ ሕዝብ የሚያርፍበት ቦታ እንዴት እንደ ተለዋወጠና ጎብኚው እንዲጠብቀው የሚጠየቀው ደንብ ከየት እንደ መጣ ባጭሩ ማመልከት ነው። ነገሩ ለታሪክ ተማሪ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። የነገሥታት ዜና መዋዕልና የጦርነት ታሪክ ገና ተመርምሮ ሳያልቅ፣ ስለ አግዳሚ ወንበር፣ ስለ ውሃ ቧንቧና «ሣር መርገጥ ክልክል ነው» ስለሚል ሰሌዳ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚሉ ጓደኞች ይኖራሉ። ነገር ግን በከተማ ውስጥ ከቤቱ የወጣ፣ ግን ደግሞ ሻይ ቤት ለመግባት ገንዘብ የሌለው ሰው የት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ የመሬት ታሪክ ጥያቄ ነው። የመሬት ታሪክ ደግሞ በአገራችን ትንሽ ነገር ሆኖ አያውቅም።

የምንደግፈው አሳብ ይህ ነው። መናፈሻን የሕዝብ የሚያደርገው የዛፉና የአበባው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ይልቅ የሚወስነው የመግቢያው ደንብና በውስጡ የሚገኘው አገልግሎት ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ ባለፉት መቶ ዓመታት ያልተጻፈ ደንብ የነበረው ክፍት ሜዳ፣ በግል አጥር የታጠረ አትክልት፣ የቀበሌ መዝናኛ፣ የጋራ ቤቶች ግቢ፣ በቲኬት የሚገባበት መናፈሻና የመንገድ ዳር ማረፊያ በተከታታይ ታይተዋል። እያንዳንዱ አንዱን ወገን ሲያስገባ ሌላውን አስቀርቷል።

፩. ከመናፈሻ በፊት የነበረው ሜዳና ዛፍ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የዛሬው ቦሌ ከከተማው ውጭ የሚገኝ የእርሻና የግጦሽ አገር ነበረ። ቦሌ፣ የካ፣ ጉለሌ የሚሉት ስሞች ከከተማው በፊት በዚያ ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ሕዝብ የተወረሱ ናቸው። ከእነዚህ ስሞች ጎን ለጎን ደግሞ ዛፍን የሚያስታውሱ የቦታ ስሞች እናገኛለን። «ሾላ» እና «ጉርድ ሾላ» የታወቁት ናቸው። ሰፈር በዛፍ ስም መጠራቱ ዛፉ የመገናኛ ምልክት እንደ ነበረ ያስረዳናል። በሾላ ወይም በዋርካ ጥላ ሥር ገበያ ይቆማል፣ ሽማግሌ ይሸመግላል፣ መንገደኛ ያርፋል፤ በኦሮሞ ሕዝብ ሥርዓትም ጉባኤ በኦዳ ጥላ ሥር መደረጉ የታወቀ ነው። እንዲሁም የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ለምእመኑ ብቻ ሳይሆን ጥላና ጸጥታ ለሚፈልግ ተማሪም መጠጊያ ሆኖ ኖሯል።

ይህ ቦታ ደንብ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ደንቡ በሰሌዳ ያልተጻፈ ነበረ እንጂ ነበረ። ያልተጻፈ ደንብ ምን ያህል ብርታት እንዳለው ለማየት ከሰፈራችን ጥቂት ወደ ምዕራብ ወጣ ብለን ጃንሜዳን እንመልከት። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ሕዝብ እንዳይጨናነቅ ተብሎ የፒያሳው አትክልት ተራ ለጊዜው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ሜዳው በጭቃና በቆሻሻ ተጎዳ። ይሁን እንጂ የ2013 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል በተቃረበ ጊዜ ገበያው እንዲነሣ ተደረገ፤ ሜዳውም ተጠርጎ ለበዓሉ ደረሰ። ጃንሜዳ ለጥምቀት ነው የሚለው ልማድ ሕዝቡ ሁሉ የሚያውቀው ደንብ ስለ ነበረ ሜዳውን አስመለሰው። ጠባቂ በዓልና ጠባቂ ሕዝብ ያላገኙት የሰፈር ሜዳዎች ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም።

፪. የአውሮፕላን ማረፊያውና የቪላው አጥር

የቦሌ መልክ የተለወጠው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አውሮፕላን የማይበቃ ስለ ሆነ አዲሱ ማረፊያ በቦሌ ሜዳ ተሠራ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ከማረፊያው ወደ መሐል ከተማ የሚወስደው መንገድ የአገሪቱ መግቢያ በር ሆነ፤ በኋላም የአፍሪካ ጎዳና የሚል ስም ተሰጠው። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ባለሥልጣናት፣ ነጋዴዎችና የውጭ አገር መልእክተኞች የሚኖሩባቸው ቪላዎች ተሠሩ።

እነዚህ ቪላዎች አበባ፣ ጽድና ሣር ያላቸው ግቢዎች ነበሯቸው። አትክልተኛ ተቀጥሮላቸዋል፤ ዘበኛም በር ላይ ቆሟል። እንግዲህ በቦሌ የተተከለ አትክልት የመጣው ከሕዝብ መናፈሻ በፊት ነው፤ የመጣውም ከአጥር በስተጀርባ ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ከአጥሩ በላይ የሚወጣውን አበባ ያያል እንጂ ከጥላው አይቀመጥም።

በዚያው ዘመን ግን ሌላ አሳብም ወደ ከተማችን ገብቶ ነበር። እንግሊዛዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ተጋብዘው በ1940ዎቹ አጋማሽ ለአዲስ አበባ ፕላን አዘጋጅተዋል። እኚህ ሊቅ ከባልደረባቸው ጋር በ1943 እ.ኤ.አ. ለለንደን ባወጡት ፕላን ለ1,000 ሰው 4 ኤከር፣ ማለት 1.6 ሄክታር ያህል ክፍት ቦታ እንዲመደብ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ለአዲስ አበባም የመከሩት ከተማው በየሰፈሩ ተከፍሎ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ አገልግሎት እንዲኖረው ነው። የዚህ አሳብ ምንጭ ክላረንስ ፔሪ የተባሉት አሜሪካዊ በ1929 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ሲሆን፣ ከሰፈሩ መሬት 10 በመቶ ያህሉ ለመጫወቻና ለመናፈሻ እንዲተው ይመክራል። ከዚህ የምንረዳው የሰፈር መናፈሻ አሳብ በአዲስ አበባ ከ60 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው መሆኑን ነው። በፕላን ወረቀት ላይ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ ሁሉ ግን በመሬት ላይ መናፈሻ አልሆነም።

፫. ቀበሌና የኳስ ሜዳ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ቤት የሚፈቀደውን ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ። በተለምዶ ቀበሌ የተባሉት እነዚህ ማኅበራት ናቸው። ከቀበሌ ጋር የመጣው አዲስ ነገር የቀበሌ መዝናኛ ነው። በመዝናኛው ሻይና ምግብ በርካሽ ዋጋ ይሸጣል፤ በብዙ ቦታም የጠረጴዛ ቴኒስ ወይም ሌላ ጨዋታ ይገኛል። ምሥራቁ የከተማ ክፍል ገና ብዙ ባዶ መሬት ስለ ነበረው ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አልጠፋም ነበር።

ስለዚህ ዘመን ሁለት ነገር መናገር ይገባናል። በአንድ በኩል ክፍት ቦታ የጋራ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሕግ ተደገፈ። በሌላ በኩል ቀበሌ የጥበቃና የቁጥጥር ጽሕፈት ቤትም ስለ ነበረ፣ በዘመነ ሽብር ወጣት በሜዳ ላይ ተሰብስቦ መታየቱ ራሱ ያስጠረጥር ነበር። መሰብሰቢያ ያለ ፍርሃት የማይሰበሰቡበት ከሆነ ስሙ ብቻ የሕዝብ እንደሚሆን ይህ ዘመን ያስተምረናል።

፬. ሊዝና የጋራ መኖሪያ ቤቶች

በ1976 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ደርሶ ተገኘ። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የከተማ ቦታን በሊዝ የመያዝ አዋጅ ቁጥር 80/1986 ወጥቷል። መሬት በካሬ ሜትር ዋጋ የሚገመትበት ሥርዓት ሲመጣ፣ ምንም ያልተሠራበት ሜዳ እንደ ማረፊያ መታየቱ ቀርቶ ገና እንዳልተሸጠ ዕቃ መታየት ጀመረ። ከዚህም የተነሣ ብዙ የኳስ ሜዳ ሕንፃ በቀለበት። ከእርሻቸው የተነሡት የዙሪያው ገበሬዎች ጉዳይም ከዚሁ ታሪክ የማይነጠል ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በቦሌ ገርጂ በጀርመን የቴክኒክ ተራድዖ ድርጅት እርዳታ ለሙከራ የተሠሩት ቤቶች የኮንዶሚኒየም ዘመንን ከፈቱ። ከዚያም በሰሚት፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ ብዙ ሺህ ቤተሰብ በፎቅ ቤት ገባ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ግቢውን፣ ደረጃውንና ሌላውን የጋራ መጠቀሚያ የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት አደረገው፤ አስተዳደሩንም ለባለቤቶቹ ማኅበርና ማኅበሩ ለሚያወጣው መተዳደሪያ ደንብ ሰጠ። በጎረቤት ደረጃ የተጻፈ የግቢ ደንብ ለብዙ ቤተሰብ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

የኮንዶሚኒየም ግቢ ከመናፈሻ የሚበልጥበት ነገር አለ። ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለበግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ሕንፃ ታስቦበታል። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን በግቢው ይተከላል፤ ሠርግም እንዲሁ። በከተማችን ክፍት ቦታ ለመዝናናት ብቻ ሳይሆን ለሐዘንም ያስፈልጋል። የከተማው መናፈሻና የመቃብር ቦታ ለበርካታ ዓመታት የውበት፣ መናፈሻና ዘላቂ ማረፊያ ልማትና አስተዳደር ኤጀንሲ በተባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሥር መተዳደሩም ከዚህ ጋር ቢታይ የሚያስገርም አይደለም።

ይሁን እንጂ የኮንዶሚኒየም ግቢ የታጠረ ነው። የአንዳንድ የለንደን አደባባዮች አትክልት ቁልፉ በዙሪያው ለሚኖሩ ሰዎች ብቻ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ የግቢው ጥላም ለባለቤቶቹና ለተከራዮቻቸው ብቻ ነው። በውስጡም መኪና በበዛ ቁጥር የልጆች መጫወቻ ይጠባል፤ ኳስ መስኮት ይሰብራል ተብሎ ሲከለከል ልጁ ወደ አስፋልት ይወጣል።

፭. በሩ፣ ዋጋውና ሰሌዳው

አሁን ወደ መናፈሻው ራሱ እንግባ። በቦሌ በኩል ስሙ ከሁሉ የታወቀው የፒኮክ መናፈሻ ነው፤ ፒኮክ ማለት ጣዎስ ነው። በከተማው ደቡብ የብሔረ ጽጌ መናፈሻ አለ። ከዚህ በቀር በየወረዳው ስማቸው ከሰፈራቸው ያላለፈ ትንንሽ መናፈሻዎች ይገኛሉ። በከተማችን መናፈሻዎች በጠቅላላው የሚታየውን ደንብ በአራት ከፍለን ብናየው ነገሩ ይገለጣል።

የመጀመሪያው ዕፅዋትንና ንጽሕናን የሚጠብቅ ደንብ ነው፤ ሣር አትርገጡ፣ አበባ አትቅጠፉ፣ ቆሻሻ አትጣሉ ይላል። ሁለተኛው የሰዓት ደንብ ነው፤ ጎብኚው ሳይመሽ እንዲወጣ ያዛል። ሦስተኛው የጠባይ ደንብ ነው፤ ጫት መቃም፣ ሲጋራ ማጨስ፣ መጠጥ ይዞ መግባት፣ አንዳንድ ጊዜም ኳስ መጫወት ይከለክላል። አራተኛው የገንዘብ ደንብ ነው፤ የመግቢያ ዋጋ፣ የፎቶግራፍና የቪዲዮ ክፍያ፣ ለሠርግ የሚጠየቅ ኪራይ ነው።

ከእነዚህ ደንቦች እያንዳንዳቸው ምክንያት አላቸው። ለምሳሌ የሣሩን ደንብ እንውሰድ። በክረምት የተረገጠ ሣር ጭቃ ይሆናል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ባለው ደረቅ ወራት ደግሞ ውሃ ካላጠጡት አያገግምም፤ በከተማችን የቧንቧ ውሃ ለብዙ ሰፈር በፈረቃ የሚደርስ ነው። እንግዲህ አትክልተኛው ሣሩን የሚከላከለው በክፋት አይደለም። ነገር ግን ደንቡ በዕፅዋቱ ምርጫ እንደሚወሰን ማስተዋል ያሻል። ለዓይን ብቻ የሚተከል ለስላሳ ሣር መረገጥን አይችልም፤ በየሜዳችን የሚበቅለው ሰርዶ ግን ይችላል። በሰርዶ የተሸፈነ መናፈሻ ሰሌዳውን ሊያነሣ ይችላል። ስለ ዛፍም እንዲሁ ነው። ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ሾላ ሰው የሚቀመጥበት ጥላ ይሰጣሉ፤ ለጌጥ በመስመር የሚተከል ዘንባባ ግን ጥላው ትንሽ ነው።

የገንዘቡ ደንብ ከዚህ የከበደ ነው። መናፈሻ ለዘበኛ፣ ለአትክልተኛ፣ ለውሃና ለመብራት ወጪ አለው። ከመንግሥት የሚመደበው ካልበቃ ገንዘብ የሚገኘው ከመግቢያ፣ ከሻይ ቤት ኪራይና ከሠርግ ነው። ሠርግ ያለበት ቀን ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ሠራተኛው ሕዝብ የሚያርፍበት ቀንም ያው ነው። ስለዚህ መናፈሻው ገቢ በሚያገኝበት ሰዓት ለሰፈሩ ሰው ይጠብባል። ይህ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ጥፋት ሳይሆን፣ መናፈሻ ራሱን በራሱ ያስተዳድር ከሚል አሳብ የሚወለድ ነው። በ2012 ዓ.ም. መስከረም የተከፈተው አንድነት ፓርክም ሆነ በከተማው የተሠሩ አንዳንድ ሌሎች ታላላቅ መናፈሻዎች በክፍያ የሚገቡባቸው ናቸው። ለታላቅ ቦታ፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለሚጎበኝ፣ ክፍያ ሊቻል ይችላል። በየቀኑ ሊመጣበት ለሚገባው ለሰፈር መናፈሻ ግን ትንሿ ክፍያ በወር ተደምራ ለአንድ እናትና ለሦስት ልጆቿ ትልቅ ትሆናለች።

ከደንቡ ቀጥሎ አገልግሎቱን እንይ። መቀመጫ፣ ጥላ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ መብራት፣ የልጆች መጫወቻና ሽንት ቤት የሰፈር መናፈሻ መሠረቶች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያስቀረው የሽንት ቤቱ መጓደል ነው። ጤነኛ ወጣት ወንድ ያለ ሽንት ቤት ግማሽ ቀን ሊቀመጥ ይችላል፤ ሕፃን የያዘች ሴት፣ የስኳር በሽተኛ ሽማግሌ ግን አይችሉም። ሽንት ቤት የሌለው ወይም ሁልጊዜ የተቆለፈ መናፈሻ በሰሌዳው ሳይጽፍ እነዚህን ሰዎች ከልክሏል ማለት ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውም በሩ ላይ ደረጃ ብቻ ካለ እንዲሁ ተከልክሏል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚሠሩ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል፤ የዚህ አዋጅ መንፈስ ለመናፈሻ በርም የሚገባ ነው።

፮. የመንገድ ዳር ማረፊያ

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ለምሥራቁ የከተማ ክፍል አዲስ ምዕራፍ ነው። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መገናኛ፣ ከአራት ኪሎም እስከ መገናኛ ባሉት መንገዶች የእግረኛ መሄጃው ሰፍቷል፤ የብስክሌት መንገድ፣ መብራት፣ አግዳሚ ወንበር፣ አረንጓዴ ቦታ፣ የሕዝብ ሽንት ቤትና የልጆች መጫወቻ ተሠርቷል። ከታሪኩ አንጻር ብናየው ትልቁ ለውጥ አብዛኛው ቦታ በርና ቲኬት የሌለው መሆኑ ነው። ማታ ማታ ቤተሰብ ከልጆቹ ጋር ሲንሸራሸር ማየት በቦሌ መንገድ ከዚህ በፊት የተለመደ አልነበረም።

ይህን በጎ ነገር ስንመዘግብ ሁለተኛውን ገጽ ማለፍ ለታሪክ ተማሪ አይገባም። መንገዱ የሰፋው ቤትና ሱቅ ፈርሶ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ከኖረበት ሰፈር ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ከነባር ጎረቤት፣ ከእድርና ከገበያ የተለየ ሰው ወንበሩ በነጻ ቢሆንም በየቀኑ ሊመጣበት አይችልም። እንዲሁም በመንገድ ዳር ቡና የምታፈላ፣ ጫማ የሚጠርግ፣ ቆሎ የሚሸጥ ሰው በአዲሱ ሥርዓት ቦታው የት እንደ ሆነ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። እነዚህ ሰዎች ለድሃው ጎብኚ በርካሽ የሚያገለግሉ ነበሩና።

፯. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው ታሪክ አንድ ነገር ያስረዳናል። በየዘመኑ የጎብኚው ግዴታ ሲጻፍ ኖሯል፤ የመናፈሻው ግዴታ ግን አልተጻፈም። ሰሌዳው ሰው ምን እንዳያደርግ ይነግረዋል፤ ምን እንዲያገኝ መብት እንዳለው አይነግረውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ብሏል። አገራችን የተቀበለችው የዓለም መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግብም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ሁሉም ሰው፣ በተለይም ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና አካል ጉዳተኞች፣ ያለ ስጋት የሚገባበት አረንጓዴ የሕዝብ ቦታ እንዲያገኝ ይጠይቃል። ይህ ታላቅ ቃል ወደ ሰፈር ሲወርድ በሩ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት መሆን አለበት።

ስለዚህ በቦሌ፣ በየካና ከሁለቱ ተከፍሎ በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ላሉት ትንንሽ መናፈሻዎች የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ሰሌዳው በሁለት ዓምድ ይጻፍ። በአንደኛው ዓምድ የጎብኚው ግዴታ ይሁን፦ ቆሻሻ አለመጣል፣ ዛፍ አለመስበር፣ ሌላውን አለማወክ። በሁለተኛው የመናፈሻው ግዴታ ይሁን፦ ሽንት ቤቱ ክፍት የሚሆንበት ሰዓት፣ ውሃ የሚገኝበት ቦታ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ክፍል፣ ሠርግ ሲኖር ለሰፈሩ ሰው የሚቀረው ቦታ፣ ቅሬታ የሚሰማው ሠራተኛ። ደንቡንም የሚያወጡት የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ወጣቶችም ይሁኑ። ያልተጻፈው የጃንሜዳ ደንብ ሊጸና የቻለው ሕዝቡ የራሱ አድርጎ ስላወቀው ነው፤ የተጻፈውም ደንብ የሚጸናው በዚሁ መንገድ ነው።

በመጨረሻም ለተማሪ ጓደኞቻችን አንድ ሥራ እናመለክታለን። የመናፈሻ ሰሌዳ፣ የመግቢያ ቲኬት፣ የኮንዶሚኒየም ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ በቤተ መዛግብት የማይቀመጡ፣ ቀለማቸው ሲለቅ የሚጣሉ ጽሑፎች ናቸው። እያንዳንዳችን በየሰፈራችን ያለውን ብንገለብጥ፣ ቀኑንና ቦታውን ብንመዘግብ፣ ሜዳው ሜዳ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችንም ብንጠይቅ፣ ከእኛ በኋላ ስለ ከተማው ኑሮ የሚጽፉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያገኛሉ።